የቃል ፍሰት ምርመራ፦ በ60 ሰከንድ ስንት እንስሳ?

የቃል ፍሰት ምርመራ አንጎል ቃላትን ፈልጎ የማውጣት አቅሙን የሚፈትሽ ነው፤ ሰዓት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይበቃዋል። መርማሪው «እማማ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የመጣልዎትን እንስሳ ሁሉ ይንገሩኝ» ይላል። የሰሙትን እየጻፈ 60 ሰከንድ ይቆጥራል። የተደገመ ቃል ነጥብ የለውም።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በዘርፍ ነው፦ እንስሳ፣ አትክልት፣ ቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ ነገር። ሌላው በፊደል ነው። በእንግሊዝኛ የተለመዱት ኤፍ፣ ኤ እና ኤስ ናቸው።

የሚታየው ድምሩ ብቻ አይደለም። አንዲት የጎንደር እናት «ላም፣ በሬ፣ በግ፣ ፍየል» ብለው የግቢያቸውን ይጨርሳሉ እንበል። ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ ሰሜን ተራራ ይወጣሉ፦ «ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ»። አንዱን ወገን ትቶ ወደ ሌላው መሻገር በይበልጥ የፊተኛው አንጎል ሥራ ነው። የአንድ ወገን እንስሳትን ተራ በተራ መጥራት ደግሞ በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል ይፈልጋል። ተመራማሪዎቹ ትሮየር፣ ሞስኮቪች እና ዊኖከር እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ለይቶ መቁጠሪያ መንገድ አቀረቡ። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ከፊደሉ ይልቅ የእንስሳው ቀድሞ ይቀንሳል። እርግጥ ድብርትም ቃል ያዘገያል፤ በዚህ ምርመራ ብቻ በሽታ አይባልም።

ፊደሉ አማርኛ ላይ ሲደርስ ይቸግራል። «በመ የሚጀምር ቃል» ቢባል መብላት፣ መጠጣት፣ መሄድ፣ መምጣት እያሉ ደቂቃውን መሙላት ይቻላል። ይህ ቃል ፍለጋ ሳይሆን ግስ ማርባት ነው። ሙዝና ሚዳቋስ ይቆጠሩ? «ሰ» እና «ሠ»ስ? በጆሮ አይለዩም። እንግሊዝኛውን ተርጉሞ መጠየቅ አያዋጣም ባይ ነኝ። ደንቡ ከፊደላችን መነሳት አለበት።

ላልተማሩ አዛውንት የእንስሳው ይሻላል፤ ፊደል መቁጠር አይጠይቅም። እሱም ቢሆን ውጤቱ በትምህርት ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ቅጹ ላይ የትምህርት ዓመት ይሞላል። እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የዝማሜና የሽብሸባ ትምህርት) ሲማሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ መሪጌታ «ስንተኛ ክፍል ደረሱ?» ሲባሉ «አስኳላ አልገባሁም» ይላሉ። ቅጹ ላይ ዜሮ ይጻፋል። ውጤታቸውም ከጭራሽ ካልተማረ ሰው ጋር ይመዘናል፤ የጀመራቸው መርሳት ካለም በዚያው ይሸፈናል። «የቆሎ ትምህርት ቤትስ ስንት ዓመት ቆዩ?» ብሎ መጨመር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።