የሳማ ፍሬ፦ የሚወራለትና እውነታው

በልጅነቱ ሳማ ያልለበለበው የደጋ ሰው አይገኝም። አሁን ግን ፍሬው አውሮፓ ውስጥ ታሽጎ የሚሸጥ «ተአምረኛ ምግብ» ሆኗል። ወሬው እኛም ጋ ደርሷል።

«ሳማ ሁሉ አንድ ነው።»

አይደለም። የእኛ ደጋ ሳማ በሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ሲመንሲስ ይባላል። ስለ ፍሬ የሚጻፈው ግን በአብዛኛው ስለ አውሮፓው ኡርቲካ ዲዮይካ ነው። የእኛ ሰው የሚበላውም ቅጠሉን ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ክረምት ገብቶ ጎተራ ሲጎድል ለጋው ይለቀምና ተቀቅሎ ወጥ ይሆናል። «የድሃ ምግብ» እያሉ የሚንቁት አሉ። በካልሲየምና በብረት ግን ከብዙ ጎመን አያንስም።

«ስለሚለበልብ መርዝ ነው።»

የሚለበልበው ጸጉሩ ነው። ጫፉ እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው፤ ቆዳ ላይ ሲሰበር ሂስታሚንና ሌሎች የሚያቃጥሉ ነገሮችን ይረጫል። ከተቀቀለ ወይም በደንብ ከደረቀ በኋላ አይለበልብም። ፍሬው ራሱ አይወጋም፤ ዙሪያው ግን ጸጉር ስላለ ያለ ጓንት አይለቀምም።

«ፍሬው በኦሜጋ 3 የበለጸገ ነው።»

ኦሜጋ 3 የቅባት ዓይነት ነው፤ ይሄ ሻጮች የሚወዱት አባባል ነው። ከፍሬው ሲሶ ያህሉ ዘይት መሆኑ እውነት ነው። ዘይቱ ግን በብዛት ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ማለትም ኦሜጋ 6 የሚባለው ሌላ የቅባት ዓይነት። በዚህ ከኑግና ከሱፍ ጋር ይመደባል። ኦሜጋ 3 የፈለገ ሰው ተልባ አለለት። ደግሞ መጠኑን እናስብ፦ 10 ግራም ፍሬ ብትበሉ የምታገኙት ዘይት 3 ግራም ገደማ ነው። ሰላጣ ላይ ነስንሶ መብላት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ባይጠበቅበት።

«የደከመ ኩላሊት ያድሳል።»

እዚህ ላይ ነገሩ ከበድ ይላል። የወሬው መነሻ የዕፅዋት ሐኪሞች ስለጥቂት ታማሚዎች የጻፉት ነው። ካልወሰዱ ሰዎች ጋር የተነጻጸረ አይደለም፤ መድኃኒት ለመባል አይበቃም። ዲያሊሲስ ላይ ያለ፣ ማለትም ደሙ በማሽን የሚጣራለት ሰው በአንድ ማንኪያ ፍሬ ተማምኖ ቀጠሮ ቢዘል ሕይወቱን ነው የሚያስይዘው። ፍሬው በጥንት መድኃኒትነቱ መታወቁ ግን ሐሰት አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ግሪካዊ ሐኪም ዲዮስቆሪዴስ ለደረት ሕመም ከማር ጋር ያዝዘው ነበር። አውሮፓ ውስጥ ፈረስ ነጋዴዎችም የፈረሱ ጸጉር እንዲያብረቀርቅ ከመኖ ጋር ይቀላቅሉት ነበር ይባላል። ለፈረሱ ሳይሆን ለገዢው ነበር እንግዲህ።

«ለፕሮስቴትም ይሆናል።»

ጥናቱ ያለው በሥሩ ላይ ነው። ጀርመን ውስጥ የሥሩ ጭማቂ ፕሮስቴት የሚባለው የወንዶች ዕጢ ሲያብጥ የሚመጣውን የሽንት ችግር ለማቅለል ይሰጣል። ፍሬ ሌላ፣ ሥር ሌላ።

«ሳማ የበላ ደም ማነስ አይነካውም።»

ከቅጠል የሚገኝ ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሎሚ ጨምቁበት፣ ቡናና ሻዩን ከምግቡ አርቁት። የደም ማነስ ምክንያቱ ግን በምርመራ ይታወቅ።

«ከመሬት የወጣ ነገር አይጎዳም።»

ቅጠሉ ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ቫይታሚን ኬ ስላለው ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ማዘውተር የለበትም። ነፍሰ ጡርም ፍሬውን ብትተወው ይሻላል። ሳማ ደግሞ የበረትና የቆሻሻ ዳር ይወዳል፤ ናይትሮጅን የበዛበት አፈር ስለሚስማማው። መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳርና ከፍሳሽ አጠገብ ግን አትልቀሙ።