«ጉልበት» ሲሉ የቱን? ተራ ወንድና የሠለጠነች ሴት ስፖርተኛ

ድሬዳዋ ውስጥ ኳስ ሜዳ ዳርም ሆነ ጂም ከተራ ወንድና ከሠለጠነች ሴት ስፖርተኛ ማን ይበረታል የሚለው ክርክር ሲነሳ አንዱ «ወንድ ወንድ ነው» ይላል፤ ሌላው «የሠለጠነችው ትጥለዋለች» ብሎ ይመልሳል። የእጅ ጭብጥ (የመጨበጥ ኃይል)፣ እግር፣ ትንፋሽና ቴክኒክ ግን በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

«ስፖርት የማይሠራ ወንድም ከየትኛዋም ሴት የበለጠ ያነሳል።»

ስህተት ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ቻይናዊቷ ሆው ዢሁዪ በ49 ኪሎ ምድብ 116 ኪሎ ከራሷ በላይ አነሳች። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ኩንታል በጀርባው የሚሸከም ጠንካራ ሰው ሞልቷል፤ 116 ኪሎ ክንድን ዘርግቶ ከራስ በላይ ማቆም ግን ሌላ ሥራ ነው። ብረቱን ወደ ላይ የሚያስፈነጥረው እግርና ዳሌ ነው፤ አንሺዋ በዚያች ቅጽበት ከሥሩ ትገባለች። ያልሠለጠነ ሰው በክንዱና በወገቡ ይጎትታል፤ ብረቱ ከአካሉ ይርቃል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ የታችኛው ወገብ ጉዳትም በዚህ መንገድ ይመጣል።

«እንግዲያው በእጅ ጉልበትም ትበልጠዋለች።»

እዚህ ላይ እውነቱ ይገለበጣል። ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት 1,654 ወንዶችና 533 ሴቶች፣ በተጨማሪም 60 ምርጥ የጁዶና የእጅ ኳስ ሴት ስፖርተኞች የእጅ ጭብጣቸው ተለካ። ከተራ ወንዶቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከስፖርተኞቹ አማካይ በላይ ነበሩ። ከፍተኛ ሥልጠና እንኳ ልዩነቱን አልዘጋውም። የሴትና የወንድ የጡንቻ መጠን ልዩነት ከወገብ በላይ 40 በመቶ፣ ከወገብ በታች ደግሞ 33 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ክንድ ማፋለም ለሴቷ በጣም የማያመች መለኪያ ነው፤ ከእሱ ተነስቶ «ስፖርቷ ከንቱ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

«በሩጫም ያው ወንዱ ይበልጣል።»

ጉዳፍ ፀጋይ በ2023 (እ.ኤ.አ.) 5,000 ሜትር በ14:00.21 ሮጣለች፤ በየ400 ሜትሩ 67 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ልምምድ የሌለው ወንድ አንዱን ዙር በዚህ ፍጥነት ቢጨርስ እንኳ እሷ ያንኑ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ደግማዋለች።

«ከባድ ብረት ሴትን እንደ ወንድ ያገዝፋታል።»

በዚህ ወሬ ምክንያት ልጃገረዶች 2 ኪሎ ዳምቤል እየተሰጣቸው ለወራት ባሉበት ይቀራሉ። ይህ በእጅጉ ያሳዝናል። ወንድ ቴስቶስቴሮኑ (ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን) ከሴት ቢያንስ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ሴት ልጅ ብረት ስላነሳች ያን ያህል አትገዝፍም፤ ትጠነክራለች። ስኳትን (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለትን) በሚከብዳት ክብደት 3 ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ ትሥራ፤ በዙሮች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ትረፍ። ስምንቱን ሳትንገዳገድ ስትጨርስ 2.5 ኪሎ ይጨመርላት። ጉልበቷ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ወይም ተረከዟ ከመሬት ከተነሳ ክብደቱ ይቀነስ።

ማወዳደር ከተፈለገ በቅድሚያ የሁለቱም የሰውነት ክብደት ይጻፍ። ከዚያ ጭብጥ በእያንዳንዱ እጅ ሦስት ጊዜ፣ በመሃል አንድ ደቂቃ እያረፉ ይለካ፤ የተሻለው ይያዝ። ስኳትና ሩጫ በሌላ ቀን ይሁኑ፤ የደከመ እግር ውጤት ያዛባል። ሩጫው ለሁለቱም በአንድ ቦታና በተመሳሳይ ሰዓት፣ ድሬዳዋ ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይሁን። ሐረር ላይ የተሮጠን ሰዓት ድሬዳዋ ላይ ከተሮጠው ጋር ማነጻጸር አይሆንም፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፣ ሙቀታቸውም ይለያያል።