በእጅ የሚቋጠረው የፋርስ ምንጣፍ፦ አሠራሩና ታሪኩ

በእጅ የሚሠራ የፋርስ (የዛሬዋ ኢራን) ምንጣፍ የሚጀምረው ከአንዲት ቋጠሮ ነው። ሸማኔዋ ከፊቷ ከተወጠሩት የድር ክሮች ሁለቱን በጣቷ ትለያለች። ባለቀለም የሱፍ ክር ታሾልክና ትጠመጥማለች፣ ወደ ታች ሳብ ታደርጋለች፣ ትርፉን በቢላ ትቆርጣለች። ይሄ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ረድፉ ሲሞላ ማጉን ታስገባለች፣ ማበጠሪያ በሚመስል ከባድ መምቻ ደጋግማ ትጠቀጥቀዋለች፣ የጠጉሩን (ከቋጠሮው ወደ ፊት የሚወጣውን ክር) ጫፍ በመቀስ ታስተካክላለች። ረድፉ ጥብቅ ሆኖ ካልተመታ ምንጣፉ ውሎ አድሮ ይላላል።

ጎበዝ ሸማኔ በቀን ከ6,000 እስከ 10,000 ቋጠሮ ትቋጥራለች። እስቲ እናስላው። በካሬ ሜትር 300,000 ቋጠሮ ያለው፣ ሁለት በሦስት ሜትር የሆነ ምንጣፍ አለ እንበል። በጠቅላላው 1.8 ሚሊዮን ቋጠሮ ይሆናል። በቀን 8,000 የምትቋጥር አንዲት ሴት ለብቻዋ ብትሠራው 225 የሥራ ቀን ይፈጅባታል። ይሄ ደግሞ ሱፉ የተፈተለበትን፣ ክሩ የተነከረበትን፣ ንድፉ የተሣለበትን ጊዜ ሳይጨምር ነው። ስለዚህ ዋጋው ለምን ውድ ሆነ ብሎ መገረም አይገባም። ከዋጋው ውስጥ ምን ያህሉ ለሸማኔዋ ይደርሳል የሚለው ነው ትልቁ ጥያቄ።

የቋጠሮው ዓይነት ሁለት ነው። አንዱ የፋርስ ቋጠሮ ይባላል። ክሩ አንዱን ድር ሙሉ በሙሉ ይዞርና ከሌላው ኋላ ብቻ ያልፋል። ሌላው የቱርክ ቋጠሮ ነው። ክሩ ሁለቱንም ድሮች አቅፎ ሁለቱ ጫፎቹ በመሃላቸው አብረው ይወጣሉ። የፋርሱ ለጠመዝማዛ ሐረግና ለረቂቅ አበባ ይመቻል ይባላል። ይሁን እንጂ ስሞቹ ድንበር አያከብሩም። በሰሜን ምዕራብ ኢራን ያሉት የታብሪዝ ሸማኔዎች የሚጠቀሙት የቱርኩን ነው። ለዚያውም በጣት ሳይሆን ጫፏ ላይ መንቆር ባላት ቢላ ነው የሚቋጥሩት፣ ፍጥነታቸውም ዓይን አይከተለውም። የፋርስ ቋጠሮ ሁለተኛ ስሙ «ሴኔ» ነው። ሴኔ ዛሬ ሳናንዳጅ የምትባለው የኩርዶች ከተማ ናት። የሳናንዳጅ ሸማኔዎች ግን የሚቋጥሩት የቱርኩን ነው!

ማጭበርበርም አለ። «ጁፍቲ» የሚባለው ቋጠሮ በሁለት ድር ፋንታ በአራት ድር ላይ ይታሰራል። ሥራው በግማሽ ያጥራል፣ ሱፉም ይቆጠባል። ምንጣፉ አዲስ ሳለ ፊቱን አይቶ ማንም አይጠረጥርም። ጠጉሩ ግን ስስ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ነጋዴዎች ምንጣፍ ሲቀርብላቸው ቶሎ ብለው ጥጉን ይዘው የሚገለብጡት ለዚህ ነው። ጀርባው ላይ ቋጠሮው አንድ በአንድ ይታያል። ማጉ አንዴ ነው ሁለቴ ያለፈው፣ ድሩ ጥጥ ነው ሱፍ፣ የት ቦታ ተቀዶ ተጠገነ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ብዙ ቋጠሮ ማለት ግን የግድ የተሻለ ምንጣፍ ማለት አይደለም። የዘላኖች ምንጣፍ ቋጠሮው ትልልቅና ሳሳ ያለ ነው። ሱፉና ቀለሙ ጥሩ ከሆነ ግን በቋጠሮ ብዛት ከሚበልጠው፣ በደካማ ሱፍ ከተሠራ የከተማ ምንጣፍ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል። ቁጥር ለሻጭ ይመቻል፤ እጅ ዳብሶ የሚያውቀው ሱፉን ነው።

ምርጡ ሱፍ በፀደይ ከበጉ አንገትና ትከሻ የሚሸለተው ነው። ለስላሳ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ በውስጡ ያለው የተፈጥሮ ቅባት ቆሻሻ ቶሎ እንዳይዘው ይረዳል። በከተሞች ድርና ማጉ አብዛኛውን ጊዜ ጥጥ ነው። ጥጥ አይለጠጥም፣ ምንጣፉም መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ዘላኖች ግን ድሩንም ማጉንም ጠጉሩንም ከሱፍ ነው የሚሠሩት። በጉ ከደጃቸው አለ፣ ጥጥ ግን በገንዘብ ይገዛል። ቆም እንደምትባለው ባሉ ከተሞች ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሐር የሆነ ምንጣፍ ይሠራል። ይሄኛው ከመረገጥ ይልቅ ግድግዳ ላይ መሰቀል ይበዛበታል።

ቀለሙ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ቀዩ የሚገኘው ሮናስ ከሚባል ተክል ሥር ነው። ሰማያዊው ኢንዲጎ ከሚባል ተክል፣ ቢጫው እስፓራክ ከሚባል ዕፅ ወይም ከሮማን ልጣጭ፣ ቡናማው ከዋልነት ቅርፊት ይወጣል። በኬርማንና በማሽሃድ ከተሞች ወደ ወይንጠጅ የሚያደላው ቀይ የሚሠራው ከደረቁ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። አረንጓዴ ለማግኘት ክሩ መጀመሪያ በቢጫ ቀጥሎ በሰማያዊ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ሁለቴ ይነከራል። አብዛኛው ቀለም ሱፉን እንዲይዝ ክሩ ቀድሞ አሉም በሚባል የማዕድን ጨው ይዘፈዘፋል። ለጥቁርና ለጥቁር ቡናማ ብረት ያለበት መንከሪያ ይጠቀማሉ። ብረቱ ግን ሱፉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በአሮጌ ምንጣፎች ላይ ጥቁሩ ቦታ ተበልቶ ሌላው ጠጉር ከፍ ብሎ ሲታይ ምክንያቱ ይሄው ነው።

ዘላን ሸማኔ የምትነክረው በትንሽ ድስት ነው። ክር ሲያልቅባት ሌላ ትነክራለች፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ፍጹም አንድ አይሆንም። በዚህ ምክንያት ሰማያዊው ሜዳ መሃል ላይ ደመቅ ወይም ፈዘዝ ይላል። ይሄ «አብራሽ» ይባላል። አንዳንድ ገዢ እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ እንደ ውበት አየዋለሁ፤ የምንጣፉ ሕይወት ያለው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ንድፉም እንደ ሠሪው ይለያያል። በከተማ ንድፍ አውጪው ባለካሬ ወረቀት ላይ ይሥላል። እያንዳንዷ ካሬ አንድ ቋጠሮ ናት። ወረቀቱ ተቆራርጦ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍና ከሸማኔዎቹ ፊት ይቆማል። በአንዳንድ ወርክሾፖች አንድ ሰው ንድፉን በዜማ ያነብ ነበር። ሦስት ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ ሁለት ሰማያዊ እያለ ይጠራል፣ ሸማኔዎቹ በአንድነት ተቀብለው ይቋጥራሉ። የቃሽቃይና የባክቲያሪ ዘላኖች ግን ወረቀት አያውቁም። እናት ለልጇ ያስተላለፈችው ንድፍ በቃል ይያዛል። ሰፈራቸውን ነቅለው ሲጓዙም አግዳሚውን መሸመኛ ከነጅምር ምንጣፉ ጠቅልለው ከብት ላይ ይጭኑታል።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በእጃችን ያለው ጥንታዊው ሙሉ ምንጣፍ የተገኘው ኢራን ውስጥ አይደለም። በ1949 ሰርጌይ ሩዴንኮ የተባለ የሶቪየት አርኪኦሎጂስት በሳይቤሪያ፣ አልታይ ተራሮች ላይ፣ ፓዚሪክ በሚባል ሥፍራ የአንድ ባላባት መቃብር ቆፈረ። መቃብሩን ሌቦች ቀድመው ሰብረውት ነበር። በሰበሩት ቀዳዳ ውኃ ገብቶ በረዶ ሆነ፣ ያ በረዶም ምንጣፉን ለ2,400 ዓመት ገደማ ሳይበሰብስ አቆየው። ስፋቱ ሁለት ሜትር በ1.83 ሜትር ያህል ነው። ዙሪያውን ፈረሰኞችና አጋዘኖች ተሰልፈዋል። የት ተሠራ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ፋርስ የሚሉ አሉ፣ እዚያው አካባቢ ወይም አርመን የሚሉም አሉ። የማያከራክረው ግን የሥራው ብስለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የጀማሪ እጅ አያወጣውም፤ ጥበቡ ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን የኖረ መሆን አለበት። ምንጣፉ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በሄርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል።

የአረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ከእስልምና በፊት ፋርስን ይገዙ በነበሩት በሳሳኒድ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ስለነበረ ግዙፍ ምንጣፍ ጽፈዋል። የአትክልት ቦታ የሚያሳይ፣ በሐር፣ በወርቅና በዕንቁ ያጌጠ ነበር ይላሉ። በ637 ዋና ከተማቸው ክቴሲፎን በአረብ ጦር ስትያዝ ምንጣፉ ተቆራርጦ እንደ ምርኮ ተከፋፈለ። በቋጠሮ የተሠራ መሆኑ እንኳ አይታወቅም።

ወርቃማው ዘመን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ኢራንን የገዙት የሳፋቪድ ነገሥታት ዘመን ነው። ሻህ ታህማስፕ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለሥራው ልዩ ፍቅር ነበረው። ሻህ አባስ ደግሞ በ1598 ዋና ከተማውን ወደ ኢስፋሃን አዛውሮ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ወርክሾፖች አቋቋመ። የመጽሐፍ ሠዓሊዎች ለሸማኔ ንድፍ ማውጣት የጀመሩት በዚህ ዘመን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲደጋገም የኖረው ጂኦሜትሪያዊ ቅርጽ ለመሃል ሜዳሊያ (ለትልቅ የመሃል ጌጥ)፣ ለአበባና ለአደን ትዕይንት ቦታውን ለቀቀ።

ከሁሉም ስሙ የገነነው የአርደቢል ምንጣፍ ነው። የተሠራው በሰሜን ምዕራብ ኢራን፣ አርደቢል ከተማ፣ የሳፋቪዶች የዘር አባት ሼክ ሳፊ ላረፉበት መቃብር ነው። ርዝመቱ አሥር ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ ከአምስት ሜትር በላይ ነው። ድርና ማጉ ሐር፣ ጠጉሩ ሱፍ ነው። ከ25 ሚሊዮን በላይ ቋጠሮ አለው። ከመሃሉ ሜዳሊያ ላይና ታች ሁለት የመስጊድ ፋኖሶች ተንጠልጥለዋል፣ አንዱ ከሌላው ያንሳል። በአንደኛው ጫፍ ሐፊዝ የተባለው ባለቅኔ ግጥም ተቋጥሯል፤ ከደጅህ ሌላ መጠጊያ የለኝም የሚል መልእክት አለው። ከሥሩ «የደጁ አገልጋይ የማቅሱድ ካሻኒ ሥራ» ተብሎ 946 የሚል የሂጅራ ዓመት ሰፍሯል፤ 1539 ወይም 1540 መሆኑ ነው። ማቅሱድ ሥራውን የመራው ሰው ይመስላል። ቋጠሮውን የቋጠሩት ሰዎች ስም ግን አንድም ቦታ የለም።

የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይህን ምንጣፍ በ1893 በ2,000 ፓውንድ ገዛው። በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበር። መንትያ ምንጣፍ ነበረው። እሱ ተቆራርጦ ለመጀመሪያው መጠገኛ ሆኗል፣ የተረፈው ክፍል ሎስ አንጀለስ ይገኛል። ለንደን ያለው ቀለሙ እንዳይለቅ በየሰዓቱና በየግማሽ ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው መብራት የሚበራለት።

በ1722 አፍጋኖች ኢስፋሃንን ሲይዙ የቤተ መንግሥቱ ሥራ ተዳከመ። መንደሮቹና ዘላኖቹ ግን አላቋረጡም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የአውሮፓ መካከለኛ መደብ ሳሎኑን ማንጠፍ ሲያምረው የታብሪዝ ነጋዴዎች አሮጌ ምንጣፍ እየሰበሰቡ በኢስታንቡል በኩል ላኩ። አሮጌው ሲያልቅ አዲስ ማሠራት ጀመሩ። ዚግለር የተባለው የማንችስተር ኩባንያም ዛሬ አራክ በምትባለው ሱልጣናባድ ሥራውን ተክሎ ለአውሮፓ ቤት የሚመጥን መጠንና የደበዘዘ ቀለም ያሠራ ነበር። አብሮ የመጣው መዘዝ ርካሹ የፋብሪካ ቀለም ነው። የመጀመሪያዎቹ በፀሐይ ይገረጡ፣ በውኃ ይለቁ ነበር። በጊዜው ኢራንን ይገዛ የነበረው የቃጃር መንግሥት እስከ መከልከል ደርሷል።

ዛሬ በምንጣፍ ዝነኛ የሆኑ ከተሞች ሁሉ በሙያው ጥንታዊ ናቸው ማለት አይደለም። ናይን ወደ ምንጣፍ የዞረችው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሱፍ ካባ ጨርቅ ገበያዋ ሲቀዘቅዝ ነው። ካሻንና ኬርማን ግን ከሳፋቪድ ዘመን ጀምሮ ይታወቃሉ። በ2013 ኒውዮርክ ላይ 33.7 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ምንጣፍ የኬርማን ሥራ ነው ተብሎ ይታመናል። ቢጃር ላይ የሚሠራው ደግሞ ማጉ እጅግ ተጠቅጥቆ ስለሚመታ «የብረት ምንጣፍ» ይሉታል። ለማጠፍ ያስቸግራል።

ዩኔስኮ በ2010 የካሻንንና በደቡብ ኢራን ያለውን፣ ፋርስ የሚባለውን አውራጃ የምንጣፍ ጥበብ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል። በፋርስ አውራጃ ወንዶች በጉን ይሸልታሉ፣ መሸመኛውንም ይሠራሉ። መፍተሉ፣ ቀለሙና ሽመናው የሴቶቹ ነው። ካሻንም ላይ ሙያው ከእናትና ከአያት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ሥራው ጎንበስ ብሎ መዋል ስለሆነ ጀርባ፣ ዓይንና ጣት ይጎዳል። በፊት ጊዜ ሕፃናት ሳይቀሩ በጠባብ ክፍል ታጉረው ይሠሩ ነበር። ስለ ውበቱ ሲወራ ይሄ መታለፍ የለበትም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ትልልቆቹን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አቡ ዳቢ በሼክ ዛይድ መስጊድ የተነጠፈው ከ5,600 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ኢራን ውስጥ 1,200 ያህል ሸማኔዎች ሠርተውት፣ ተከፋፍሎ መጥቶ መስጊዱ ውስጥ ነው የተገጣጠመው። ሙስካት በሱልጣን ቃቡስ መስጊድ ያለው ደግሞ 1.7 ቢሊዮን ቋጠሮና 21 ቶን ክብደት አለው፣ አራት ዓመት ፈጅቷል።

ገበያው ግን ታሟል። አሜሪካ በ1987 የኢራንን ዕቃ ከለከለች። በ2000 ለምንጣፍ ፈቀደች፣ በ2010 ዘጋች፣ በ2016 ከፈተች፣ በ2018 መልሳ ዘጋች። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ደርሶ የነበረው ዓመታዊ የውጭ ሽያጭ ዛሬ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በዋጋ የሚፎካከሩ የሕንድ፣ የፓኪስታንና የቻይና ምንጣፎችም የፋርስን ንድፍ ይዘው ገብተዋል። ካሻንና አካባቢዋ ራሳቸው ዛሬ የማሽን ምንጣፍ ማዕከል ናቸው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ «የካሻን ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። «ዳስትባፍ» ከተባለ በእጅ የተሠራ ነው፣ «ማሺኒ» ከተባለ የፋብሪካ ነው። ዘርፉንም እዩ። በእጅ በተሠራው ላይ ዘርፉ የድሩ ጫፍ ስለሆነ ከምንጣፉ ጋር አንድ አካል ነው፤ በብዙ የማሽን ምንጣፎች ላይ ግን በኋላ የተሰፋ ነው።