ግማሽ ራስን ያመመ ሁሉ ማይግሬን አይደለም

አንድ ጎን ብቻ ሲያም «ማይግሬን ነው» ማለት ልማድ ሆኗል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ለመለየት መጀመሪያ ሰዓት ይያዝ።

ማይግሬን ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ያቅለሸልሻል፣ ብርሃን ያስጠላል፤ ታማሚው መጋረጃ ዘግቶ መተኛት ነው የሚፈልገው። ክላስተር የሚባለው የራስ ምታት ዓይነት ግን አያስተኛም፤ ቤት ውስጥ ያንጎራድዳል። ዓይን አካባቢ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ያማል፣ በዚያው በኩል ዓይን ያለቅሳል፣ አፍንጫ ይዘጋል። ሐኪም ቤት በጭንብል የሚሰጥ ኦክስጅን ብዙዎችን ያስታግሳል።

ይበልጥ የሚያሳስተው ትራይጄሚናል ኒውራልጂያ ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ሕመም ነው፤ ብዙውን ጊዜ የደም ሥር ተጭኖት ነው። ፊት ሲታጠቡ፣ ጥርስ ሲቦርሹ፣ አንድ ጉርሻ ሲያኝኩ፣ ኤሌክትሪክ እንደነዘረው ለሰከንዶች ውግት ያደርጋል። ድድ ላይ ስለሚሰማ ጤነኛ ጥርሳቸውን የሚያስነቅሉ አሉ (ሕመሙ ግን እዚያው ነው)። ፓራሲታሞል አይነካውም። የተለመደው መድኃኒት ካርባማዜፒን ነው፤ አዎ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው። ሐኪም ነው የሚያዘው፣ ሽፍታ ካወጣ ቶሎ ይነገረው።

ድንገት እንደ መብረቅ የወረደ ራስ ምታት፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረና ዓይን የሚያደበዝዝ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው።