ባልቲሞር ወደብ ላይ የቆመችው ነጭ መርከብ፦ የሚወራውና እውነቱ

ከሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ከዲሲ ተነስቶ ባልቲሞር ወደብ ዞር ዞር ያለ ሰው፣ ጎኗ ላይ ሰያፍ ቀይ መስመር ያለባትን ረጅም ነጭ መርከብ ሳያያት አይቀርም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ፣ ማለትም የኮስት ጋርድ፣ የቅኝት መርከብ ነበረች። ዛሬ ሙዚየም ናት፤ ስሟ ቶኒ ነበር፣ አሁን ግን በቁጥሯ 37 ትባላለች። ስለሷ ከሚወራው ብዙው ግን ተዛብቷል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ፐርል ሃርበር ውስጥ ነበረች» ይባላል፤ ሃዋይ ያለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ማለት ነው። አልነበረችም። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓኖች ሲያጠቁ እሷ የታሰረችው እዚያው ደሴት ላይ ባለው በሆኖሉሉ ወደብ ነው። ያም ሆኖ እጇን አጣጥፋ አላየችም፤ በላይዋ በሚያልፉት አውሮፕላኖች ላይ ተኩሳለች። ስህተቱ ቦታው ላይ ነው እንጂ ውጊያው ላይ አይደለም።

«ከዚያ ቀን የተረፈችው እሷ ብቻ ናት» የሚሉም አሉ። የጦር መርከብ ብቻ ከተቆጠረ እሺ። ሆጋ የምትባለው ጎታች መርከብ ግን አርካንሶ ውስጥ እስካሁን አለች። ምስኪን፣ ማንም አያነሳትም።

እኔን የሚያስቀኝ «ጠረፍ ጠባቂ ከጠረፍ አይርቅም» የሚለው ነው። ይቺ መርከብ በ1944 ሜዲትራኒያን ላይ የጭነት መርከቦችን አጅባለች፣ በ1945 ኦኪናዋ ነበረች፣ በ1969 ደግሞ ቬትናም ወርዳለች። ከጦርነቱ ይልቅ ብዙ ዕድሜዋን የበላው ግን የአየር ጠባይ ሥራ ነው፦ ውቅያኖስ መሀል በተመደበላት ቦታ ላይ ሳምንታት መክረም፣ ማዕበሉ እያላጋት ፊኛ ወደ ሰማይ መልቀቅ፣ ንፋስና ሙቀት መዝግቦ በሬዲዮ መላክ። አሰልቺ ነው፤ ግን አብራሪዎች የሚተማመኑት በዚህ ነበር። በ1977 ይህ ሥራ ሲቀር ከአሜሪካ መርከቦች የመጨረሻዋ እሷ ነበረች።

ስሟስ? በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ቴይኒ» ይመስላል፤ የሚነበበው «ቶኒ» ነው። ሮጀር ቶኒ የባሕር ጀግና አልነበረም፤ የገንዘብ ሚኒስትር ነበር። ኮስት ጋርድ እስከ 1967 በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ስለነበር እሷም ስድስት እህቶቿም በሚኒስትሮች ስም ተሰየሙ። ችግሩ ሰውየው ኋላ ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1857 ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይችሉም ብሎ መፍረዱ ነው። በ2020 ሙዚየሙ ስሙን አነሳው፤ አሁን የምትጠራው በቁጥሯ፣ 37 ተብላ ነው። «ታሪክ ተሰረዘ» ለሚሉት፣ መርከቧ እንዳለች ቆማለች፤ ገብቶ ማየት ነው።

«ከጦርነቱ በኋላ ተጦረች» የሚለውም አያስኬድም። ከአገልግሎት የወጣችው ዲሴምበር 7 ቀን 1986 ነው፤ ጃፓኖች ካጠቁ ልክ በ45 ዓመቱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ 49 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ 160 ቶን ማሪዋና የጫነ ጀልባ ይዛለች።