ቋሚ ቡድን ምንድን ነው? በወረርሽኝ ጊዜ የሕፃናት ማቆያን መልሶ ስለመክፈት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 አዲስ አበባ ውስጥ ተገኘ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ሥራ ግን እንደ ትምህርት ቤት አልተዘጋም። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምትኖር እናት ጎሕ ሲቀድ ታክሲ ልትሰለፍ መውጣቷ አልቀረም፤ ልጇን የምታስይዘው ሰው ግን አጣች። ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፦ ማቆያው ይከፈት ከተባለ እንዴት ይከፈት?

ለአዋቂ የሚነገረው ምክር እዚህ ቤት አይሠራም። የሁለት ዓመት ልጅ ርቀቱን አይጠብቅም፤ ሲያለቅስ ታቅፎ ካልሆነ ዝም አይልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ባወጡት ምክር አምስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ማስክ እንዲያደርጉ አይገደዱም። ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ማስክ ትንፋሽ ሊያሳጣ ስለሚችል ጨርሶ መደረግ የለበትም። በር ላይ የሚደረገው የሙቀት ልኬትም ትኩሳት ያለውን እንጂ ሕመሙ ይዞት ምልክት ያላሳየውን አይለይም፤ ከልጆች ደግሞ ምልክት ሳያሳዩ የሚያልፉት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ማቆያው የሚይዘው ዋናው መከላከያ ማን ከማን ጋር ይውላል የሚለውን መወሰን ነው። ቋሚ ቡድን የሚባለው ይኸው ነው። በውጭ መመሪያዎች ኮሆርት ወይም ባብል ሲባል ይሰማል።

ቋሚ ቡድን ማለት እነዚያው ልጆች፣ ከእነዚያው ተንከባካቢዎች ጋር፣ በዚያው ክፍል በየቀኑ የሚውሉበትና ከሌላው ክፍል ሰው ጋር የማይገናኙበት አሠራር ነው። በቡድኑ ውስጥ ልጆቹ እንደ ልጅ ይጫወታሉ፣ ይታቀፋሉ፣ ይላፋሉ። ጥብቅነቱ በቡድንና በቡድን መካከል ነው። ዴንማርክ ሚያዝያ 7 ቀን 2012 ከአውሮፓ ቀድማ ማቆያዎቿን ስትከፍት የያዘችው መንገድ ይህ ነበር፤ ልጆቹን በትናንሽ ቡድን ከፋፍላ፣ የቻለችውን ያህል ውጭ እያዋለች።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 30 ልጆች እንደልባቸው ሲቀላቀሉ ሁለት ሁለት ሆነው ሊገናኙ የሚችሉበት መንገድ 435 ነው። በሦስት ክፍል አሥር አሥር ሆነው ቢለያዩ 135 ብቻ ይቀራል። አንድ ልጅ ቢታመም ደግሞ የሚጠረጠሩት ዘጠኝ ልጆችና የዚያ ክፍል ተንከባካቢዎች ናቸው እንጂ ቤቱ በሙሉ አይደለም። አንዱ ክፍል ይዘጋል፣ ሁለቱ ይቀጥላሉ፤ የሃያ ልጆች ወላጆች ሥራቸውን አያጡም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቡድኑ የማያፈስ ከሆነ ነው። ብዙ ማቆያ የክፍሉ በር ላይ «ቡድን ሀ፣ ቡድን ለ» ብሎ ይለጥፍና ጠዋት ሁሉንም ልጅ አንድ ክፍል ይሰበስባል። ይህ የወረቀት ቡድን ነው። የሚያፈሱትን ቦታዎች አንድ በአንድ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጠዋትና ማታ ነው። ከከተማው ዳር መሀል ከተማ የሚሠራ ወላጅ ሥራ የሚገባው 2:30 ቢሆንም ልጁን የሚያደርሰው 12:30 ላይ ነው፤ ማታ የሚመለሰውም 12:30 አካባቢ ነው። ልጁ 12 ሰዓት ይውላል ማለት ነው፤ አንዲት ተንከባካቢ ደግሞ 12 ሰዓት ልትሠራ አትችልም። እዚህ ላይ የተለመደው መፍትሔ በማለዳ አንዷ ቀድማ ትመጣና የሁሉንም ክፍል ልጅ ትቀበላለች፣ ማታም አንዷ ትቀርና የቀሩትን ሁሉ ሰብስባ ትጠብቃለች። በዚህች አንድ ሰዓት ሦስቱ ቡድን አንድ ሆነ። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቋሚ ተንከባካቢ መመደብ ይሻላል፦ አንዷ ከ12:30 እስከ 8:30፣ ሌላዋ ከ4:30 እስከ 12:30። ምሳ፣ ዳይፐር መቀየርና ማስተኛት የሚበዛባቸው አራት ሰዓታት ላይ ሁለቱም አሉ። ጨቅላዎች ባሉበት ክፍል ግን ጠዋትና ማታ አንድ ሰው አይበቃም፤ እዚያ ወይ የልጆቹ ቁጥር ይቀነሳል ወይ ሰው ይጨመራል።

ለሦስት ክፍል ስድስት ተንከባካቢ መቅጠር ለትንሽ ማቆያ ከባድ ነው፣ ወላጁም ከዚያ በላይ ልክፈል ቢል አቅሙ አይፈቅድም። እንዲህ ከሆነ ሦስት የወረቀት ቡድን ከመያዝ ሁለት እውነተኛ ቡድን መያዝ ይበልጣል። አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሆነው በትክክል ቢለያዩ 435 የነበረው 210 ይሆናል፤ ከግማሽ በታች ነው። ሦስቱ ጠዋት ከተቀላቀሉ ግን ያው 435 ነው።

ሁለተኛው ቡና ነው። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ሲተኙ የሦስቱ ክፍል ተንከባካቢዎች፣ ወጥ ቤቷና አንዳንዴም ጥበቃው ተሰብስበው ቡና ያፈላሉ። ረከቦቱ ጠባቧ ወጥ ቤት ውስጥ ይዘረጋል፤ ዝናብ ከሆነ መስኮቱም ይዘጋል፤ ማስኩ አገጭ ላይ ይወርዳል፤ ከአቦል እስከ በረካ ጨዋታው አንድ ሰዓት ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ልጆቹን ለያይቶ የዋለው ቤት የሚገናኘው በዚህች ሰዓት ነው፤ ለኮቪድ ዓይነት ሕመም ደግሞ አዋቂ ለአዋቂ የሚያስተላልፈው ቀላል አይደለም። ቡናውን መከልከል አይገባም፤ ከማለዳ ጀምሮ የሰው ልጅ ሲያባብል የዋለ ሰው የሚያርፍባት ሰዓት እሷ ናት። ረከቦቱ ግቢ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ይውጣ፣ መቀመጫው ይራራቅ፣ ወይም ክፍሎቹ በየተራ ይጠጡ። ጀበናው አንድ ቢሆን ግድ የለም።

ሦስተኛው ምትክ ነው። የአንዱ ክፍል ተንከባካቢ ስትቀር ከጎረቤት ክፍል አንዷን መውሰድ ሁለቱን ቡድን ያገናኛል። አንድ ቋሚ ተተኪ ሰው ብትኖርና ተንከባካቢ በቀረች ቀን አንዱን ክፍል ብቻ ብትይዝ ይሻላል፤ ማስኳን ጥብቅ አድርጋ። ተተኪ ከሌለ ኃላፊዋ ራሷ ትግባ፣ ያን ቀን ግን ሌሎቹ ክፍሎች አትግባ።

እህትማማችና ወንድማማቾች ሌላ ድልድይ ናቸው። የአራት ዓመቱ ልጅ በአንዱ፣ የአንድ ዓመት ተኩሏ እህቱ በሌላው ክፍል ከሆኑ ሁለቱ ቡድን በየማታው እቤታቸው ይገናኛል። ዕድሜያቸው ቢለያይም አንድ ቡድን ውስጥ ማድረጉ ይመረጣል። በአንድ ባጃጅ ኮንትራት የሚመጡ ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቀው የሚመጡ አራት ልጆችን በር ላይ ወደ ሦስት ክፍል መበተን ትርጉም የለውም። ቡድን ሲመሠረት መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው የልጆቹ ዕድሜ ሳይሆን ማን ከማን ጋር ይመጣል፣ ማን ከማን ጋር በአንድ ብሎክ ይኖራል የሚለው ነው። ይህን ከወላጆች ጋር በስልክ ተነጋግሮ ለመጨረስ ከመክፈቻው በፊት አንድ ሳምንት ይበቃል።

ወላጅ ከግቢው በር አይለፍ። ልጁን የምትቀበለው የክፍሉ ተንከባካቢ ራሷ ትሁን። የተቀበለችውን ልጅ መሳም በእኛ ዘንድ ፍቅር ነውና መተው ይከብዳል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ግን ጉንጩ ላይ አይሳም። ሙቀት ሲለካ ደግሞ አንድ ስሕተት በየቀኑ ይደጋገማል፦ በአንቀልባ ታዝሎና በጋቢ ተሸፍኖ የመጣ ልጅ ወዲያው ከተለካ ግንባሩ ሞቆ ትኩሳት ያለው ይመስላል፤ በብርድ ተጉዞ የመጣው ደግሞ ትኩሳት እያለው እንኳ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ከልብሱ ተፈትቶ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆይቶ ይለካ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ክፍል አይገባም።

ውሃውን በቁጥር ማሰብ ያስፈልጋል፤ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በተለይ። አንድ ልጅ ሲገባ፣ ከመብላቱ በፊት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ከጨዋታ ሲመለስ እያለ በቀን ስድስት ጊዜ ቢታጠብና በአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ቢፈስለት፣ አሥር ልጆች ላሉት ክፍል 30 ሊትር ለእጅ ብቻ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ክፍል ቧንቧ ያለው የራሱ ጄሪካንና ሳሙና ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ አንድ የጋራ መታጠቢያ ላይ መሰለፍ ቡድኑን መልሶ ይቀላቅላል። ለወራት ተዘግቶ የቆየ ቤት ሲከፈት ሮቶው ውስጥ የተኛው ውሃ ተደፍቶ፣ ሮቶው ተፈትጎ ታጥቦ እንደገና ይሞላ።

በረኪናው ላይ በጣም መጠንቀቅ ይገባል። 5 በመቶ የሆነው በረኪና 20 ሚሊ ሊትር ከ980 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ሲደባለቅ ለጠረጴዛ፣ ለበር እጀታና ለወለል የሚሆን 0.1 በመቶ ውህድ ይሆናል፤ ለ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ምክንያቱም ቆሻሻ ያለበት ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል፤ ከዚያ ውህዱ 10 ደቂቃ ይቆይበት። ትውከት ወይም ተቅማጥ የነካው ቦታ ላይ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ይሆናል። ውህዱ በየጠዋቱ በቀዝቃዛ ውሃ እንደ አዲስ ይዘጋጃል፤ ያደረው ይደፋል። ልጆች አፋቸው ውስጥ የሚከቱት መጫወቻ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር በተለይም ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው የሚለው፤ መለኪያውም ለዚሁ ብቻ የተለየ ዕቃ ይሁን።

የመስኮቱ ነገር አከራካሪ ነው። «ልጁን ብርድ ይመታዋል» ተብሎ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁሉም ይዘጋል፤ አንዳንድ ቤትም ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል ይገባል። ከሰል ልጆች ባሉበት ክፍል በፍጹም አይገባም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች፣ ወይም መስኮትና በር፣ ጥቂትም ቢሆን ክፍት ሆነው ይዋሉ፤ ልጆቹ ሹራብና ካልሲ ይጨመርላቸው። ሲተኙ ፍራሾቹ ይራራቁ፣ የአንዱ ራስጌ ከሌላው ግርጌ ይሁን።

ምሳ ላይ ትሪ አይጋሩ፤ ሁሉም በየራሱ ሳህንና ማንኪያ ይብላ። አንዲት ተንከባካቢ በአንድ እጅ ለሦስት ልጅ ማጉረሷ መቅረት አለበት። ጡጦና ፖፖ ላይ የልጁ ስም ይጻፍ። ግቢው አንድ ከሆነ ቡድኖቹ በየተራ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይውጡበት።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ቋሚ ቡድን ለሁሉም ሕመም እኩል አይሠራም። የኩፍኝ ቫይረስ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፤ ለእሱ መከላከያው በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠው ክትባት ነው። ከረጅም መዘጋት በኋላ የልጆቹን የክትባት ካርድ መጠየቅ ልማድ ይሁን፤ በዚያ ጊዜ ብዙ ልጅ ቀጠሮው ያልፈዋል።

ልጅ ማቆያው ውስጥ እያለ ቢያተኩስ ከክፍሉ ወጥቶ በረንዳ ወይም የተለየ ጥግ ይቆያል፤ አብራው የምትሆነው የራሱ ክፍል ተንከባካቢ ናት እንጂ ሌላ አይደለችም። ለየልጁ የሚነሡ ሁለት ስልክ ቁጥሮች አስቀድመው ይያዙ፤ ታክሲ ውስጥ ያለች እናት ስልኳን ላትሰማ ትችላለችና። በኮቪድ ጊዜ ጥርጣሬ ሲኖር የሚደወለው 8335 ነበር። ሕመሙ ከተረጋገጠ መዝገቡ ይወጣል። መዝገቡ ላይ በየቀኑ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደያዘው፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ ምትክ ገብታ ከነበረም ስሟ ተጽፏል። ታማሚው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ አብረውት የዋሉት ይለያሉ፤ በ2012ቱ አሠራር እነሱ ካገኙት የመጨረሻ ቀን አንሥቶ 14 ቀን እቤት ይቆያሉ፣ ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ የሚቆየው እስከዚያ ድረስ ነውና። ለሌሎቹ ክፍሎች ወላጆች በዚያው ቀን ይነገራቸው፤ የልጁ ስም ግን አይነሣ። «በአንድ ክፍል ሕመም ተገኝቷል፣ የእናንተ ልጅ ክፍል ከዚያ ጋር አልተገናኘም፣ መዝገቡን መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ» ማለት የሚቻለው መዝገቡ በትክክል ከተያዘ ነው።