አሯሯጩ ለምን አይቀድምም?

ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ማየት የተሳነው ተማሪ ከአሯሯጭ (አብሮት እየሮጠ መንገድ ከሚመራው ሯጭ) ጋር ሲሮጥ ካያችሁ፣ «ያው እየጎተተው ነው» ለማለት አትቸኩሉ። በደንቡ መጎተትም መግፋትም ክልክል ነው። ሁለቱ አጭር ገመድ ይዘው ይሮጣሉ፤ አሯሯጩ ኩርባውንና የቀረውን ዙር በቃል ይነግረዋል።

ግራ የሚያጋባው መጨረሻው ነው። መስመሩን መጀመሪያ ማለፍ ያለበት ተማሪው ነው። አሯሯጩ ከቀደመ ውጤቱ ይሰረዛል፤ ጨከን ያለ ቢመስልም ተገቢ ነው፣ ውድድሩ የተማሪው ነዋ!

በቲ11 (T11)፣ ማለትም ጨርሶ ወይም ከሞላ ጎደል በማያዩ ሯጮች ምድብ፣ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን ይሸፍናሉ፤ ጭላንጭል የሚያይ ብልጫ እንዳያገኝ። ያየሽ ጌቴ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ ያመጣችው በዚሁ ምድብ ነው። ትንሽ በሚያዩት በቲ12 አሯሯጭ ምርጫ ነው፤ ከእነሱ የተሻለ በሚያዩት በቲ13 የለም።

መምህራን፣ ለአሯሯጭነት ከተማሪው የሚፈጥን ልጅ ምረጡ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እያወሩ መሮጥ ቀልድ አይደለም።